ለእናቴ ማን ይንገርልኝ?



በእኛ በምሥራቅ ጎጃም ክፉ ወሬ የሚነገርበት ደንብ አለው። ዘመድ የሞተበት ሰው በመንገድ ላይ አይነገረውም፤ በገበያ መካከልም አይነገረውም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ አረፍ ካሉ በኋላ ነው መርዶው የሚነገረው። ይህን ደንብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጋራዋል፤ ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሸከም የተዘጋጀ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ደንቡ ስለሞተ ሰው ነው። ገና በሕይወት ስላለ፣ ሐኪሞች ግን ተስፋ ስለቆረጡለት ሰው ይህን የመሰለ ደንብ የለንም። በተለይም ታማሚው ወጣት ሲሆን፣ እናትና አባቱም በሕይወት እያሉ ነገሩን መናገር ያለበት እሱ ራሱ ሲሆን የምንይዘውና የምንጨብጠው ይጠፋናል።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አኺራ የሄደ አንድ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠቅስም። ቤተሰቡ ግን ለሌላው ቤት ትምህርት ይሆናል በማለት ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

ይህ ወጣት ተወልዶ ያደገው በሞጣ ነው። ቁርኣንን ከእኔ ዘንድ ቀርቶ ያኸተመ ልጅ ነበር። ከፍ ሲል ወደ ቢቸና ሄዶ ልብስ መነገድ ጀመረ፤ እዚያው አግብቶ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። 29 ዓመት ሲሞላው ሆዱ ይነፋ፣ እግሩ ያብጥ፣ ዓይኑም ቢጫ ይሆን ጀመር። ሰፈርተኛው እንደለመደው «የወፍ በሽታ ነው፤ ይህን ሐኪም አያውቀውም» አለ። በአገራችን ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው ሁሉ የሌሊት ወፍ ሽንት ነክቶት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ወደ መድኃኒት አዋቂ ተወሰደ፤ ቅጠል ጠጣ፤ ሰውነቱም ተበጣ። በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሲመረመር በሽታው የወፍ አለመሆኑ ታወቀ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ለብዙ ዓመታት በድብቅ ጉበቱን ሲጎዳ ኖሮ፣ ጉበቱ ጠጥሮ በላዩም ካንሰር ተነስቶበት ነበር።

ሐኪሙ ይህን የነገረው ለታማሚው ሳይሆን ለታላቅ ወንድሙ ነው። ጥግ ወስዶ «ጊዜው አልፏል» አለው። ወንድምየውም ወደ ታማሚው ተመልሶ «ጉበትህ ትንሽ ቆስሏል፤ መድኃኒቱን ከወሰድክ ትድናለህ» አለ።

ይህ አሠራር የአንድ ሐኪም ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ከባሕላችን የመጣ ነው። የውብዳር በየነ የተባሉ ተመራማሪ በ1992 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችና ስለ ክፉ ዜና አነጋገር አብራርተዋል። የአሜሪካ ሐኪሞች ለታማሚው በቀጥታና በግልጽ ሲነግሩት፣ ኢትዮጵያውያኑ ግን ይህን እንደ ጭካኔ ይቆጥሩት ነበር። በእነርሱ ዘንድ ዜናው መጀመሪያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ይነገራል፤ ጊዜውንና አነጋገሩን የሚመርጠው ያ ዘመድ ነው። እኔ ይህን ልማድ አልንቀውም። በውስጡ እዝነት አለ። ችግሩ የሚመጣው ቤተሰቡ አደራውን ተቀብሎ ጊዜ መምረጥ ሲገባው፣ ጭራሹን ሲቀብረው ነው።

የእኛው ወጣት የወንድሙን ዓይን አይቶ ጠረጠረ። ብቻውን ተመልሶ ሄዶ ሐኪሙን ጠየቀ። ሐኪሙም ሲጠየቅ አልዋሸም፤ የቀረው ጊዜ በወራት የሚቆጠር መስሎ እንደሚታየው ነገረው። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ምሥጢር ሆነ። ወንድሙ ማወቁን ከታማሚው ይደብቃል፤ ታማሚውም ማወቁን ከወንድሙ ይደብቃል። እናቱ ገንፎ ታገነፋለች፤ ሚስቱ ልብስ ታጥባለች፤ ሁሉም «ተሽሎሃል» ይላል።

አንድ ሐሙስ ወደ መድረሳው መጥቶ ልጆቹ እስኪበተኑ ጠበቀኝ። ከዚያም እንዲህ አለኝ። «ኡስታዝ፣ ሞት የአላህ ውሳኔ ነው። የከበደኝ ለእማዬ መንገር ነው። ማን ይንገርልኝ?»

ስንነጋገር ሦስት ነገሮች እንደያዙት ተረዳሁ። አንደኛው የእናቱ ልብ ነው፤ ትሰበራለች ብሎ ፈራ። ሁለተኛው የሰው አፍ ነው፤ «ስለ ሞቱ ያወራል፤ ሟርተኛ ነው» እንዳይሉት ፈራ። ሦስተኛው ግን የዲን ጥያቄ ነበር። «ሕመሜን ለሰው ብናገር በአላህ ላይ ማማረር አይሆንብኝም ወይ? ሰብር ማለት ዝም ማለት አይደለም ወይ?» አለኝ።

ውድ አንባቢያን፤ ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ በመሆኑ ትንሽ ላብራራው። ሰብር ማለት ምላስን መቁረጥ አይደለም። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) ሐዘናቸውን የሚያሰሙት ለአላህ ብቻ እንደነበር በሱረቱ ዩሱፍ ተነግሮናል። ነቢዩ አዩብም (ዐ.ሰ.) ጉዳት እንደነካቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፤ ይህን በመናገራቸውም ታጋሽ ከመባል አልወጡም። የተከለከለው የአላህን ውሳኔ መጥላትና በፍጡራን ፊት ጌታን መክሰስ ነው። ያመመውን «አመመኝ» ማለት ግን ሌላ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ራሳቸውን አሟቸው «ራሴን» ባሉ ጊዜ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የራሳቸውን ራስ ምታት እንደነገሯቸው ኢማም ቡኻሪ ዘግበውታል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በሞቱበት ሕመም ላይ ሳሉ ልጃቸውን ፋጢማን (ረ.ዐ.) ወደ ራሳቸው አስጠግተው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት፤ አለቀሰች። ዳግመኛ ሌላ ነገር ነገሯት፤ ሳቀች። ከሞቱ በኋላ ስትጠየቅ፣ መጀመሪያ የነገሯት በዚያ ሕመም እንደሚሞቱ፣ ቀጥሎም ከቤተሰባቸው መጀመሪያ የምትከተላቸው እሷ መሆኗን እንደነበር ገልጻለች። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የጸና ነው። እንግዲህ ከፍጡራን ሁሉ በላጩ ለገዛ ልጃቸው ሞታቸውን ነግረዋል። አነጋገራቸውንም እንመልከት። ልጂቱን ወደ ራሳቸው አስጠጓት። በሰው ፊት ጮኸው አልተናገሩም። እውነቱን አላሳነሱም። ስታለቅስ ዝም በይ ብለው አልተቆጡም። ከእንባዋም ጋር ትተዋት አልሄዱም፤ የምትጽናናበትን ነገር አስከተሉላት። እኔ ለተማሪዬ ከዚህ የተሻለ መንገድ ላሳየው አልችልም ነበር።

ቀጥዬም መናገር ለእሱ የሚፈቀድ ብቻ ሳይሆን፣ በአንዳንድ ነገር ግዴታም እንደሚሆንበት ነገርኩት። ይኸውም የሰው ሐቅ ስላለ ነው።

የመጀመሪያው የሚስቱና የልጆቹ ሐቅ ነው። ይህ ቫይረስ በአንድ ማዕድ በመብላት ወይም በትንፋሽ አይተላለፍም። በደም፣ በጋራ ምላጭና በመሳሰሉት ስለታም ነገሮች፣ በባልና ሚስት ግንኙነት፣ እንዲሁም በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሀገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የተጨመረው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ በአብዛኛው አልተከተበም። ሚስቱ ካልተነገራት አትመረመርም፤ ካልተመረመረች አትከተብም፤ ቢገኝባትም በጊዜ ሕክምና አትጀምርም። ዝምታው እሷን ከሐዘን የሚያድን ይመስላል እንጂ ለአደጋ ያጋልጣታል። ይህን ስጽፍ አንባቢን ለማስደንገጥ አይደለም። ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ በዚህ አይሞትም፤ ብዙዎች ክትትል እያደረጉ፣ የሚያስፈልጋቸውም መድኃኒት እየወሰዱ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የዕዳ ሐቅ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በ23 ዓመተ ሂጅራ በተወጉ ጊዜ እንደማይድኑ አውቀው ልጃቸውን ዐብዱላህን ጠርተው ያለባቸውን ዕዳ እንዲቆጥር አዘዙት፤ 86 ሺህ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። ከየት ከየት እንደሚከፈልም በተራ ነገሩት። የሙስሊሞች መሪ በቁስላቸው ላይ ሆነው ዕዳ ካስቆጠሩ፣ የቢቸና ልብስ ነጋዴ ደብተሩን ለወንድሙ ማሳየት እንዴት ያሳፍረዋል?

ሦስተኛው የወራሾች ሐቅ ነው። ተማሪዬ ሱቁን ሙሉ በሙሉ ለሚስቱ አውርሶ ለመሄድ አስቦ ነበር። በእዝነት ያሰበው ነው። ነገር ግን መረዱል መውት፣ ማለትም ወደ ሞት በሚያደርስ ሕመም ላይ ያለ ሰው የሚሰጠው ስጦታ እንደ ኑዛዜ ይቆጠራል፤ ከሲሶ አያልፍም፤ ለወራሽም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው ሳለ ብዙውን ሀብታቸውን ለመስጠት ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሲሶ እንዳያልፉና ሲሶውም ብዙ መሆኑን ነግረዋቸዋል። ልጆች ስላሉት ለሚስቱ ስምንተኛ እጅ፣ ለእናቱና ለአባቱ ለእያንዳንዳቸው ስድስተኛ እጅ፣ የቀረው ለልጆቹ መሆኑን በወረቀት አስቀምጬ አሳየሁት። «እናትና አባትህ ድርሻቸውን ለልጆችህ ቢተዉ ይችላሉ፤ ግን ካልነገርካቸው እንዴት ይተዉልሃል?» አልኩት። በሀገራችንም ሕግ ቢሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። ምስክር ባለበት ነገር ደግሞ ምሥጢር አይኖርም።

ልቡ ግን አሁንም ከእናቱ ዘንድ ነበር። ያን ጊዜ ስለ አንድ ሌላ ወጣት ነገርኩት። ዓሊ ባናት ይባላል፤ በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ የሚኖር ሙስሊም ነጋዴ ነበር። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ካንሰር ተገኝቶበት ሐኪሞች የሰባት ወር ዕድሜ ገመቱለት። ውድ መኪናና ውድ ዕቃ የነበረው ሰው ሕመሙን አልደበቀም፤ በዓለም ፊት ተናገረ፤ ሕመሙንም ከአላህ እንደተሰጠው ስጦታ ቆጠረው። ንግዱን ትቶ ሀብቱን ለሰደቃ አዋለ፤ የእርዳታ ድርጅት አቋቋመ፤ ወደ ቶጎ ሄዶ የቲሞችንና ባል የሞቱባቸውን ሴቶች ረዳ። ሰባት ወር የተባለው ሰው ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ግንቦት 21 ቀን 2010 ዓ.ም. በረመዳን ወር አረፈ። ተማሪዬ ሰምቶ ሲያበቃ ፈገግ ብሎ «ኡስታዝ፣ እሱ ሚሊየነር ነበር፤ እኔ ያለኝ አንድ ሱቅ ነው» አለኝ። እኔም «የእሱም የአንተም ዋና ሀብት የቀራችሁ ቀን ነው» አልኩት።

በመጨረሻ የወሰነው ራሱ ነው። መጀመሪያ የነገራት ለሚስቱ ነው፤ ምክንያቱም ምርመራው አይቆይም። በሁለተኛው ቀን ወንድሙን ይዞ ከቢቸና ወደ ሞጣ ተሳፈረ። በደብረ ወርቅ ሲያልፉ «ወንድም ዓለም፣ ሐኪሙ የነገረህን ለእኔም ነግሮኛል» አለው። ወንድምየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እስከ ሞጣ ድረስ አለቀሰ። ለካ እሱም ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል። ጥማድ በሬውን ሊሸጥ ከገዢ ጋር ተነጋግሮ፣ መሬቱንም ለብዙ ዓመት አከራይቶ ወደ ውጭ አገር ሊያሳክመው አስቦ ነበር። በኋላ ሁለቱ አብረው ሐኪሙን ሲጠይቁት በሽታው ስለተሰራጨ ውጭ አገር መሄዱ እንደማያድነው ገለጸላቸው። በሬዎቹ ሳይሸጡ ቀሩ። ስንት ቤተሰብ ነው እውነቱ ስላልተነገረው ሕመምተኛውንም ጥሪቱንም አብሮ የሚያጣው!

ከዐስር ሶላት በኋላ እናትና አባቱን አስቀምጦ ነገራቸው። ሐኪሙ ያለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ፤ ዕድሜን የሚያውቀው አላህ መሆኑን፣ እሱ ግን ተዘጋጅቶ መጠበቅ እንደሚፈልግ፣ የቀረውንም ጊዜ በዚያ ቤት ማሳለፍ እንደሚሻ ገለጸ። እናቱ «ዝም በል! ሟርት አታውራ!» ብላ ተነሳች። አባቱ ክንዷን ይዘው «ተይው፤ ልጄ ይናገር» አሉ። እሷ ግን ወጥታ እስከ መግሪብ ከጓሮ አልተመለሰችም። ማታ ሁሉም ሲተኛ መጥታ ከራስጌው ተቀመጠች። «ያምሃል?» አለችው። «አዎ እማዬ፣ ያመኛል» አላት። ከታመመ ጀምሮ ይህን ቃል ለእሷ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። በኋላ እሷ ራሷ እንደነገረችኝ፣ «ከዚያች ሌሊት በፊት ልጄ ከእኔ ርቆ ነበር» ትላለች።

ይህ ሁሉ ነገሩን አቀለለው ማለቴ አይደለም። እናቱ ለብዙ ቀን ሌላ መድኃኒት አዋቂ እንፈልግ ስትል ቆየች፤ እሱም ሩቃውን በደስታ ተቀበለ፤ ዳግመኛ መበጣቱን ግን እምቢ አለ። ገንዘብ የነበረበት አንድ ሰው «ምንም የለብኝም» ብሎ ካደ፤ ተማሪዬም ለቂያማ ቀን ተወው። በአንጻሩ ዕቃ በዱቤ ይሰጠው የነበረ አንድ ክርስቲያን ነጋዴ ከቢቸና ድረስ መጥቶ ዕዳውን ሊተውለት ፈለገ። እሱ ግን እምቢ ብሎ ያልተሸጠውን ልብስ እያስቆጠረ መለሰለት። ሚስቱ ተመርምራ ነጻ ሆና ተገኘች፤ ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን ክትባትም ጀመረች። ልጆቹም ደኅና ነበሩ። አልሐምዱ ሊላህ። እናትና አባቱም ከውርሱ ድርሻቸውን ለልጅ ልጆቻቸው እንደሚተዉ በምስክር ፊት ተናገሩ።

ስለ ሥቃዩም አንድ ነገር ላንሳ። «አይድንም» ማለት «ሕክምና የለውም» ማለት አይደለም። የማይድን በሽተኛን ሥቃይ ማስታገስ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ በ2003 (እ.ኤ.አ.) በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን በየቤታቸው እየጎበኘ ይህን ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። በየገጠሩ እንዲህ ያለ ድርጅት ባይኖርም ሐኪምን «ሥቃዩን የሚያስታግስ ስጡን» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የእኛም ልጅ ቤተሰቡ ደፍረው ሲጠይቁ የሚያስተኛው መድኃኒት አገኘ።

ከነገራቸው በኋላ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ኖረ። ከፈጅር በኋላ፣ አባቱ ሸሃዳውን በቀስታ እያሉለት፣ እናቱና ሚስቱ በአጠገቡ ሆነው ነፍሱ ወጣች። ለእሱ መርዶ ነጋሪ አላስፈለገም፤ ሁሉም አጠገቡ ነበሩ። በጀናዛው ላይ የሞጣ ሙስሊም ብቻ ሳይሆን ክርስቲያን ጎረቤቶቹም እስከ መቃብር ሸኙት።

ወንድሞችና እህቶች! ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ስለ ሕመሙ ሊነግራችሁ አፉን ሲከፍት «ሟርት አታውራ» ብላችሁ አትዝጉበት። ያን ቃል ለማውጣት ስንት ሌሊት እንዳልተኛ አታውቁም። አልቅሱ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለልጃቸው ለኢብራሂም አልቅሰዋል። ግን ካለቀሳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ከራስጌው ተቀመጡና «ያምሃል ወይ? ምን ትሻለህ?» በሉት። በሽታውን የሰማችሁት እናንተ ብቻ ከሆናችሁም ጊዜ ምረጡ እንጂ አትቅበሩት፤ ዕዳውን የሚከፍለው፣ ተውበት የሚያደርገው፣ ከሰው ይቅር የሚባባለው እሱ ነውና። ለዚያራ የምትሄዱም ጥቂት ቁጭ ብላችሁ ዱዓ አድርጋችሁ ውጡ፤ በታማሚው ፊት የሞቱ ሰዎችን አትቁጠሩ። ደኅና ያላችሁ ወጣቶችም ኑዛዜ ለሽማግሌ ብቻ አይምሰላችሁ። ንብረት ወይም የሰው አደራ ያለበት ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተላልፏል።

አላህ (ሱ.ወ.) የሞቱብንን በራሕመቱ ይቀበላቸው፤ የታመሙብንን ይማርልን፤ እናቶቻችንን ያጽናልን፤ እኛንም መልካም ፍጻሜ ከሚያገኙ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።